ፌርማታ

የፍሪጁ በር ላይ፣ በዓሣ ማግኔት ሥር፣
አንዲት ቢጫ ወረቀት፣ የእርሳስ ጭረት ድርድር፤
«በቀን አንድ ሙዚቃ፣ ሠላሳ አንድ ቀን ሙሉ።
አርባ ደቂቃ ብቻ። ሰዓቱ ሲጮህ ይቋጭ ውሉ።
ዕቃ መግዛት የለም፣ ያለሽ ይበቃሻል፤
ያላለቀም ይውጣ፣ ውስጥሽ ካደረ ያንቅሻል።»

አምስተኛ ትእዛዝ ነበር፣ ተሰርዟል ሁለቴ፤
«ጥሩ ይሁን» ይል ነበር፤
ገና ስጽፈው ፈራሁት፣ ከአንጀቴ።

ያለኝ ይኼው ነው፤
ከአይቫር በግማሽ ዋጋ የገዛሁት ሲንተሳይዘር
(ሁለት ቁልፎቹ ዲዳ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ሳይነኩት ይናገራል)፤
የዳቦ ቁራሽ የምታህል የከበሮ ማሽን፤
ሲበርደው የሚጎተት፣ ሲሞቀው የሚሮጥ ካሴት መቅጃ።
ስቱዲዮዬ ቁም ሣጥን ነው።
ካፖርቶቼ ግድግዳ ሆነው ድምፄን ይውጡልኛል፤
የአንዱ ኪስ ውስጥ የአምና ደረሰኝ ይንኮሻኮሻል።

ቀን ሰባት ቁጥር አውቶቡስ እነዳለሁ፣
ከታርቱ ባቡር ጣቢያ እስከ አኔሊን፣ ወንዙን ተሻግሬ እመለሳለሁ።
ማታ ጓንቴን ሳላወልቅ ማሽኑን አበራለሁ፤
ጣቴ ከብርዱ እስኪፈታ፣ ምቱን በክርኔ እመታለሁ።

አንደኛው ቀን ኩራት ነበር።
ሁለተኛው የኩራት ቅጂ።
ሦስተኛው ላይ ቅጂውም ደበዘዘ።
በአራተኛው፣ ትኬት ተቆጣጣሪዋ ቲዩ
በእረፍት ክፍሉ ሾርባዋን እያማሰለች
«ማን አዘዘሽ?» አለች።
ማንም።
«ካልሠራሽስ ማን ይቀጣሻል?»
ማንም፣ አልኳት።
«እንዲህ ያለ ሥራ እኔም ባገኝ!» ብላ ሳቀች።
ሳቋን በስልኬ ቀዳሁት፤ የዚያ ቀን ሙዚቃ እሷ ሆነች።

በዘጠነኛው የአውቶቡሴን የኋላ በር ቀዳሁ፤
ሲዘጋ ሁለት ድምፅ አለው፣
መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ጥርስ።

በዐሥራ አራተኛው ግን ውሌን አፈረስኩ።
አንዲት ዜማ መጣች፣ የእውነት የምታምር፤
ሰዓቱ ጮኸ፣ አፈንኩት ከትራስ ሥር።
ላስተካክላት፣ ላሰማምራት፣
አንዷን ኖታ ላነሣት፣ ላወርዳት፣ ላነሣት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።
ዜማዋም እንደ ሸሚዝ
ከመታጠብ ብዛት ቀለሟን ጣለች።

ጧት፣ እንቅልፍ ዐይኔ ላይ ተጋድሞ፣
አንድ ፌርማታ አለፍኩ።
በመስታወቱ አየሁት፤ አንድ ሽማግሌ
የበረዶ መንሸራተቻውን እንደ ጦር ተደግፎ፣
አንድ እጁን እንዳነሣ
ከነጩ ጋር እስኪቀላቀል አነሰ፣ አነሰ።

ፌርማታ።
አውቶቡስ የሚቆምበት ስሙ ይኼ ነው።
በኖታ ወረቀትም፣ ከድምፁ አናት ላይ
እንደ ዐይን ተቀምጣ «እዚህ ቆይ» የምትል ምልክት
ስሟ ይኼው ነው።
እኔ አንዱን ላስረዝም ብዬ ሌላውን ዘለልኩ።

ማታ ቢጫዋ ወረቀት ላይ፣ ከተሰረዘው ሥር፣
እንዲህ ጨመርኩ፤ «ሰው ኖረም አልኖረም፣ ቁሚ።
በሩን ክፈቺ። ዝጊ። ቀጥዪ።»

በዐሥራ ሰባተኛው የመጣ የለም።
ከፈትኩ፤
አርባ ደቂቃ የካፖርቶቼን ዝምታ ቀዳሁ፤
ዘጋሁ።
የአምናው ደረሰኝ ብቻ አንዴ ተናገረ።

በሃያ ሦስተኛው ሽማግሌው ተሳፈረ።
ይቅርታዬን አፌ ላይ ይዤ ነበር፤
ቀና ብሎም አላየኝ።
የጫማውን በረዶ ደረጃው ላይ አራገፈ፤
ጧ፣ ጧ… ጧ።
ሦስተኛው ዘግይቶ።
ማሽኔ እንዲህ መዘግየት አታውቅም፤
ስምንት ምሽት ሙሉ አስተማርኳት።

ሠላሳ አንድ ሆኑ። ሰው ፊት የሚቀርቡ አራት ቢወጣቸው ነው፤
የቲዩን ሳቅ ከቆጠርን፣ አምስት።

ዛሬ ፌብሩዋሪ አንድ ነው።
ወረቀቷ ጥግ ላይ «ወተት፣ ባትሪ» ብዬ ጻፍኩባት።
ማታ ግን፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
ራሴን ቁም ሣጥኑ በር ላይ አገኘሁት።
ማንም አላዘዘኝም።